የመሳቢያ ሐዲድ የድሀ መፍትሔ አይደለም

በፈቃደኝነት በምረዳበት የሰፈራችን የሮቦቲካ ሑግ ውስጥ አንድ ካርቶን ነበር። በውስጡ ከውጭ አገር የመጣ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ የሮቦት ማንሻ አለ፤ ለማትናሱ በስጦታ የተሰጠ ነው። ካርቶኑ በቁልፍ ከሚዘጋ ቁም ሣጥን ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ልጆች ይነኩታል፣ የቀሩት ዘጠኙ ቆመው ያያሉ። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። «ቀስ በሉ፣ ከተሰበረ ሌላ የለም» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደጮኽኩባቸው አላስታውስም። ከበዓላት በኋላ ከዘጠኙ አንዷ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ መምጣት አቆመች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻት ለምን እንደቀረች ስጠይቃት «ቆሞ ለማየትማ ቤታችን ቴሌቪዥን አለ» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አለኝ፤ እሱን ነው የምጽፈው። ሰፈሮቻችን ውስጥ ያሉ የሮቦቲካ ሑጎች ማንሻቸውን ከወጥ ቤት መሳቢያ ሐዲድ ራሳቸው ይሥሩ። እኛ ተማሪዎችም ለጋሾች ፊት ቀርበን ዝግጁ ካርቶን መለመኑን ትተን፣ ሞርሳና መብሻ ያለው የሥራ ጠረጴዛ እንጠይቅላቸው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ስለሚሉኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። «ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ» በሚባለው ውድድር ሮቦቱ ጨዋታ ሲጀምር ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ከ18 ኢንች፣ ማለትም ከ45.7 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ዕቃ እንዲያስቀምጥ ይጠይቀዋል። በ2022–23 «ፓወር ፕሌይ» በተባለው ጨዋታ ረጅሙ ምሰሶ 33.5 ኢንች ነበር፤ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ2024–25 «ኢንቱ ዘ ዲፕ» ላይ ደግሞ ከፍተኛው ቅርጫት 43 ኢንች፣ ወደ 109 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። እንግዲህ 45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጦ፣ ሲታዘዝ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚረዝም ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ተነሡና ወጥ ቤታችሁ ውስጥ የሹካና የማንኪያውን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጎንና ጎኑን እዩ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚንሸራተቱ ሦስት የብረት ቁራጮች አሉ፤ በመካከላቸው ስስ ቆርቆሮ አቅፎ የያዛቸው ትንንሽ የብረት ብዮች ይሽከረከራሉ። 40 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሐዲድ ሲዘረጋ 80 ሆኗል። ይህን ሐዲድ ከተኛበት አንሥታችሁ አቁሙት፤ የሮቦት ማንሻ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ስማቸው የገነነ ቡድኖች ሚሱሚ ከተባለው የጃፓን አቅራቢ የሚያስመጡት ስስ ተንሸራታችም የዚሁ ዘር ነው፤ ብረት በብረት ውስጥ፣ ብይ በመሐል። የእነሱ ቀለል ይላል፣ አሠራሩም የጠራ ነው። የእኛ ከሰፈር የቁሳቁስ ሱቅ ይገዛል፤ አንዱ ጥንድ ሁለት ሦስት ሰው ፈላፈል ከሚበላበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ከውጭ የሚመጣው ኪት ማጓጓዣው ሲጨመርበት በመቶዎች ሼቄል ይቆጠራል።

ዋጋውን በዚሁ ልለፈው፤ ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ርካሽ ብረት ሲበላሽ ማንም አይጮኽም። ልጁ ያበላሻል፣ ለምን እንደተበላሸ ያያል፣ ሌላ ያነሣል። ውድ ብረት ፊት ግን የሚማረው አለመንካትን ነው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ እኛ በስሕተት የተማርነውን ልንገራችሁ። ስትገዙ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋውን፣ ባለ ሦስት ቁራጩን ጠይቁ፤ ባለ ሁለት ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ይቆማል። መጨረሻ ላይ በዝግታ ራሱን የሚዘጋውን ዓይነት አትግዙ። ለወጥ ቤት ጥሩ ነው፣ ለሮቦት ግን ሞተሩ በከንቱ የሚታገለው ምንጭ በውስጡ አለ። ሲገፉት ብቅ የሚለውም እንዲሁ። ርዝመቱን አስቀድማችሁ ወስኑና በልኩ ግዙ እንጂ በመጋዝ አትቁረጡት። እኛ ቆርጠን አይተናል፤ ጫፉ ላይ ያለው ማቆሚያ አብሮ ተቆረጠና ብዮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ልጆቹ በሳቅ እየሞቱ በጉልበታቸው ሲለቅሙ አመሹ፤ እስከ ዛሬ ከማሞቂያው ሥር እናገኛለን። መሳቢያውን ነቅሎ ለማውጣት የተሠራችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ደግሞ እንዳትላወስ አድርጋችሁ እሰሯት፤ አለዚያ በውድድር መሐል ውስጠኛው ቁራጭ ተነቅሎ ይወጣል።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ሐዲዱ የተሠራው መሳቢያ ተሸክሞ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት እንዲችል ነው፤ በሰፊው ፊቱ ብትገፉት ግን ይለመጣል። ስለዚህ ልክ መሳቢያ ላይ እንደሚታሰረው ሁለቱን ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጋችሁ እሰሩ። የሮቦቱ ክንድ ወደ ፊት ሲንጠለጠል ሸክሙ በጠንካራው በኩል ይመጣል። በሐዲዱ ውስጥ የሚገባው ብሎን ራሱ ጠፍጣፋ ይሁን። ራሱ ወጣ ያለ ብሎን ብዮቹን የያዘውን ቆርቆሮ ይመታዋል፤ አንድ ጊዜ ከተጣመመ ደግሞ አይመለስም።

አንድ ጥንድ ለ109 ሴንቲ ሜትር አይበቃም። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥንድ በአንደኛው ውስጠኛ ቁራጭ ላይ ታስሩታላችሁ። 40 ሲደመር 40 ሲደመር 40፣ 120 ሴንቲ ሜትር። ግን እስከ መጨረሻዋ ሚሊ ሜትር አትዘርጉት፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይቁም።

ከዚያ የክሩ ጥያቄ ይመጣል። ለእኔ የዚህ ሥራ ጣዕሙ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሞተሩ ላይ የተሰካ ማጠንጠኛ አለ፤ ክሩን እየጠቀለለ ማንሻውን ይስባል። ክሩን የምታሳልፉበት ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ አንድ ረጅም ክር ከማጠንጠኛው ተነሥቶ በቆመው ሐዲድ አናት ላይ ባለች ትንሽ በከራ ይዞራል፣ ወደ ቀጣዩ እርከን ግርጌ ይወርዳል፣ እንደገና ወደ አናቱ ይወጣል፣ እንዲህ እየተመላለሰ እስከ መጨረሻው እርከን ይደርሳል። በሁለተኛው መንገድ እያንዳንዱ እርከን የየራሱ ክር አለው፤ አንዱ ሲነሣ ቀጣዩን እየጎተተ ሁሉም እኩል ይወጣሉ።

የትኛው ይሻላል? ልጆቹን በቁጥር እንዲመልሱልኝ ጠየቅኋቸው። ጫፍ ላይ 2 ኪሎ ግራም አለ እንበል፤ 20 ኒውተን ያህል ነው። የማጠንጠኛው ስፋት ከመሐል እስከ ዳር 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት እርከኖች እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ይወጣሉ። ሰበቃውንና የሐዲዱን ክብደት ለጊዜው ተዉት። በአንድ ረጅም ክር ከሆነ ሞተሩ 80 ሴንቲ ሜትር ክር ይጠቀልላል፤ ከ6 ዙር ትንሽ በላይ ነው። ክሩ የሚሸከመው 20 ኒውተን፣ የሚያስፈልገው የማዞር ኃይል ደግሞ 0.4 ኒውተን ሜትር ነው። በየራሱ ክር ከሆነ የሚጠቀለለው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከ3 ዙር ትንሽ በላይ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክር 40 ኒውተን ይሸከማል፣ ሞተሩም 0.8 ይጠየቃል። ፍጥነት ያገኘ በጉልበት ከፈለ።

ይህን ሲያሰሉ የነበሩት ልጆች ፊዚካን ለባግሩት መውሰድ «ለእኛ አይደለም» ይሉ የነበሩ ናቸው። በቀመር የተጻፈውን ጠልተውት ኖሯል እንጂ ነገሩን አልጠሉትም። ያ ዝግጁ ካርቶን እኮ ክሩ ከነበከራው የት እንደሚያልፍ በሥዕል የታተመ መመሪያ ነበረው። የሚጠየቅ ጥያቄ አልተወላቸውም።

እኛ ረጅሙን ክር መረጥን፤ ሞተራችን ደካማ ስለነበር። መጀመሪያ የተጠቀምንበት ተራ የናይሎን የዓሣ ማጥመጃ ክር ስለሚለጠጥ ማንሻው አንድ ቀን አንድ ከፍታ፣ ሌላ ቀን ሌላ ከፍታ ላይ ይቆም ነበር። በተጎነጎነው፣ በማይለጠጠው ዓይነት ቀየርነው። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ለልምምድ ግጥሚያ ሄድን። ማንሻው እስከ ግማሽ ወጣና ቀጥ አለ። ሞተሩ መጎተቱን ቀጠለ፣ ክሩ ከበከራው ዘለለ፣ ዙሪያውን ተተበተበ። በመኪና ስንመለስ ማንም አልተናገረም። እኔ የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ምክንያቱን አላወቅሁትም።

ዓርብ ማታ ማዕድ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲመጣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬ የወጥ ቤት ዕቃ በሚሠራ ናጋሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ስንት ሺህ መሳቢያ እንደገጠመ ራሱም አይቆጥረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ ሥራ ጋር የሚገናኝ ነገር እየሠራሁ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

«ስፋቱን በምን ለካችሁት?» አለኝ።

«በሜትር።»

«የት ላይ?»

«ከታች።»

«ከላይስ?»

ዝም አልኩ። እሑድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ማትናስ መጣ። ሮቦቱን ከመንካቱ በፊት ከውዳቂ እንጨት አንዲት ዘንግ ቆረጠ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ከታች ልክ እንድትገባ አድርጎ በሞረድ አስተካከላት። ከዚያ ዘንጓን ወደ ላይ ወሰዳት። አልገባችም። አናቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠቦ ነበር። ሐዲዶቹ ሽቅብ እየተቀራረቡ ነበርና ማንሻው ሲወጣ ይጣበቃል። «ሜትር የሚያነበው ሰው ዓይን ነው። እንጨቷ ግን ወይ ትገባለች ወይ አትገባም» አለ።

ያሳያቸው አሠራር ይህ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ይቆረጣሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ይገባል። ብሎኖቹ መጀመሪያ የሚታሰሩት ሐዲዱ ላይ ባሉት ሞላላ ቀዳዳዎች ነው፤ ያም ላላ ተደርጎ። ከዚያ ሐዲዱ ሦስት አራት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የሚመቸውን ቦታ ራሱ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው የሚጠብቀው፣ በመጨረሻም በክቡ ቀዳዳ በኩል ለዘለቄታው የሚታሰረው። በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የማሽን ዲዛይን ትምህርት ስለ ልክ መዛነፍ ብዙ ገጽ አለው። እኔም ፈተናውን አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው እያስተረጎምኩ ነበር። የአባቴ ዕብራይስጥ የናጋሪያ ዕብራይስጥ ነው፤ የልጆቹ አማርኛ ደግሞ የማዕድ ቤት አማርኛ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንም አልፈለገኝም። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ እንደገና አሳየኝ» አለው። «ያሳዩኝ» ማለት ነበረበት፤ አባቴ ግን የሰማ አልመሰለም፣ እንደገና አሳየው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አባቴ ትምህርት ቤቴ ድረስ የተጠራው ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱም ጊዜ ስለ እኔ ክስ ለመስማት። ምን እንደሚያውቅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አያቴ ጎንደር አካባቢ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። እዚያ «ባለ እጅ» ማለት ስድብ ነበር። ገበሬው ቀን ማረሻውን ያሠራል፣ ማታ ቡዳ ይለዋል። እዚህ ደግሞ ስድቡ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲባል ቶሎ ወሬ የሚቀይሩ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። የቁም ሣጥን ብረትን ቅርስ ላደርገው አይደለም፤ አያቴም ወናፍ ሲያናፋ ስለ ሮቦት አላሰበም። የምለው በየቤታችን እጁ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ለልጆቹም የሚያስተምረው ነገር አለው፤ ካርቶኑ ግን ያንን ሰው ከበር ይመልሰዋል ነው።

ሐሳቤን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳቀርብ አንዲት እናት ተነሥተው የተናገሩት እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። «ልጄ፣ የሌላው ሰፈር ልጅ ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ሲሠራ የእኔ ልጅ ለምን በመሳቢያ ብረት? ሁልጊዜ ለእኛ የተረፈው ነው?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔም ልቤ አብሮ አጨበጨበ።

እትዬ፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። «ለእናንተ ይህ ይበቃችኋል» የሚለውን ቃል በብዙ ቋንቋ ሰምተነዋል፤ አንድ የመንግሥት ቢሮ ወይም ለጋሽ ይህን ጽሑፍ ይዞ በጀት ሊቀንስ ቢመጣ መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። ነገር ግን የሌላውን ሰፈር ሑግ ሄጄ አይቻለሁ። ልዩነቱ ካርቶኑ ላይ አይደለም። እዚያ ሞርሳ አለ፣ የጠረጴዛ መብሻ አለ፣ በሳምንት ሦስት ማታ የሚመጡ ሁለት መሐንዲስ ወላጆች አሉ፣ ክፍሉም እስከ ማታ አራት ሰዓት ክፍት ነው። የገዙትን ውድ ሐዲድ ፈትተው፣ በስተው፣ አበላሽተው ያውቃሉ። እኛ ካርቶኑን ተቀበልን፤ ያ ሁሉ ሌላው ቀረ። እኩል እንሁን ካልን የምንጠይቀው እሱን ነው፦ ጠረጴዛውን፣ መብሻውን፣ የክፍሉን ቁልፍና የሰዓቱን ክፍያ። ካርቶን ለመስጠት ቀላል ነው፤ ፎቶ ላይም ያምራል።

ደግሞ ሁሉንም ነገር ከሱቅ ብረት እንሥራ አላልኩም። ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያውን፣ ባትሪውን እንግዛ፤ ውድድሩም ደንብ አለው፣ በእነሱ መቆጠብ አያዋጣም። የመሳቢያ ሐዲድ ጉድለቱም ብዙ ነው። ይከብዳል። ማንሻው ሲዘረጋ ክብደቱ ላይ ስለሚወጣ ሮቦቱ በፍጥነት ከታጠፈ ይገለበጣል፤ ሁለት ጊዜ ተገልብጦብናል። አቧራ ይይዛል፣ ፋብሪካው የሚቀባው ወፍራም ቅባትም ያንቀረፍፈዋል፤ ጠርጎ ቀጭን ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። አንድ ቡድን ሁለት ዓመት በዚህ ሠርቶ ቀለል ያለውን ሐዲድ ልግዛ ቢል፣ ይግዛ። የሚገዛውን ምን እንደሆነ ያውቃል።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብ ትንሽ ነው። ብዙዎቻችን ለስኮላርሺፕ የምንሰጠው የፈቃደኝነት ሰዓት አለን፤ በፔራኽ ይሁን በሌላ። ሒሳብ የምናስጠናበትን ሰዓት ጥቂቱን ወደዚህ እናዙር። አንድ የምህንድስና ተማሪ፣ አንድ በእጁ የሚሠራ ወላጅ፤ አናጢ፣ ብረት ሠሪ፣ የመኪና ጠጋኝ፣ ስፌት የሚያውቁ እናት ቢሆኑም ይበልጣል፤ ክር ማጠንጠን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የዓመቱ ጨዋታ የሚታወጀው በመስከረም ነው። ከዚያ በፊት ባሉት የበጋ ሳምንታት ሦስት ማታ ቢገኝ ልጆቹ አንድ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ይዘው ይጀምራሉ። ወላጁ የሚጠራው ለክስ ሳይሆን ለዚህ ሲሆን ምን እንደሚለብስ እንኳ ግራ ይገባዋል። አባቴ በሁለተኛው ሳምንት የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ መጣ፣ ዘይት ነካው፣ እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አልተመለሰችም። ጁዶ ጀምራለች አሉኝ። ታናሽ ወንድሟ ግን ይመጣል፤ ብሎን ማጥበቅ ላይ ይቸኩላል።

ካርቶኑ አሁንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ግን አይቆለፍም። ከባለፈው ዓመት ስድስት ጥንድ ባለ 40 ሴንቲ ሜትር ሐዲድ ተርፎኝ በመኝታ ክፍሌ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ምላሱ የታሰረ፣ ቅባቱ የተጠረገ፣ ሁለት የእንጨት ዘንጎችም አብረውት አሉ። ሑግ የምትረዱ ካላችሁ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ንገሩኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከበዓሉ በፊት እንዳወጣው ለምኖኛል።